የእርካቡ አምስተኛ ቀዳዳ

ውድ ፌንጣ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉንፋኔ አውርተን ዘጋን። አንቺ «እትዬ፣ ራስሽን ጠብቂ እንጂ፤ አንቺ ባትኖሪ እኔ ዛሬ የት እገኝ ነበር?» ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ የደወልኩበትን ነገር መልሼ እውጠዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ወረቀት መሀል ላይ አቋርጦ አያመሰግነኝም።

ባለፈው ወር ከፊልም ቤተ መዛግብት አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ያንን ፊልማችንን ቆሻሻውን ጠርገው፣ ጭረቱን አጥፍተው፣ በሃያ አምስተኛ ዓመቱ በትልቁ አዳራሽ ሊያሳዩት ነው። መግቢያው ላይም ትንሽ ኤግዚቢሽን ይኖራል። የእኔን ማስታወሻ ደብተሮችና ፎቶዎች ፈልጋ ነው የመጣችው። አሥራ አንዱንም ደብተር ከቁም ሳጥን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ስደረድርላት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሁሉንም አስቀምጠውታል?»

«መጣል አልወድም» አልኳት።

ከዚያ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አውጥታ በእርሳሷ እየነካካች ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ አንድ ሰው ጎድሎናል። ፈረሶቹን የያዘው ሰው። ፊልሙ ላይ ስሙ የለም፤ ውሉም ላይ ተሰርዟል። ያስታውሱታል?»

«አላስታውስም» አልኳት።

አመነችኝ። መሪ ተዋናዩ በየትኛው ማክሰኞ ስንተኛዋ የሸሚዙ ቁልፍ ላልታ እንደነበር ደብተር ሳልገልጥ ነግሬያት ነበር፤ ግን አመነችኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና ልድገመው። ፊልም በተራ አይቀረፅም። አንድ ሰው ሰኞ ዕለት በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ ከበሩ ወዲያ ብቅ ሲል የምናየው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የተቀረፀውን ነው። በመሀሉ ፀጉሩ ያድጋል፣ ጫማው ይቆሽሻል፣ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ይረሳል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንዲት ደቂቃ እንኳ ያለፈች መምሰል የለባትም። ይህን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ወዲያው ፎቶ የምትተፋ ካሜራ አንገቴ ላይ፣ ደብተር ብብቴ ሥር። «አይገጥምም» ካልኩ ዳይሬክተራችን ጋሼ፣ ያ ማንንም የማይሰማ ሰው፣ ያቆም ነበር። ሠራተኞቹ «ሰላይዋ» ይሉኝ ነበር። ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። የመብራቱ ሠራተኛ በየጠዋቱ «ሰላይ፣ ትናንት ስንት ጊዜ አስነጠስኩ?» ይለኛል፤ «ሁለት» እለዋለሁ፤ ሁሉም ይስቃል። እውነትም ሁለት ጊዜ ነበር።

ፊልሙ የድሮ ዘመን ነው። የባለጸጋ ልጅ ከፖስተኛ ጋር ትዋደዳለች። የፖስተኛው ጓደኛ በቅናት ያርርና «ከሌላ ጋር ናት» ይለዋል። ልጁ ያምናል፤ ጥሏት አገር ሊለቅ ይነሳል። እሷ በፈረስ ተከትላ ወንዙ ዳር ትደርስበታለች። ስክሪፕቱ ላይ ትደርስበታለች።

ለፈተናው ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ጋሼ ቃለ ተውኔቱን አስነበበሽ፣ አስለቀሰሽ፣ አሳቀሽ። ከዚያ «ፈረስ መጋለብስ?» አለሽ።

«ፈረስ ላይ ነው ያደግሁት!»

ያደግነው ከማተሚያ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ነው። የምናውቀው ፈረስ የክብሪት ሳጥን ላይ ያለውን ነው። እዚያው አላጋለጥኩሽም። ከበሩ ስንወጣ ግን «ቢጠይቀኝ አልዋሽልሽም» አልኩሽ።

«ማን አንቺን ይጠይቃል? አንቺ የምትጠየቂው ስለ ቁልፍ ነው።»

ይህን ብለሽ ፊቴን ስታዪ ሳቅሽ ቆመ። እንደማልዋሽ ታውቂ ነበር። ያኔ አልዋሽም ነበር።

ፈረሶቹን የያዘውን ሰው «ባልደራሱ» እንለው ነበር። ፊልሙ የድሮ ስለሆነ የድሮ ማዕረግ ሰጠነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ የቆዳ ቅባት የሚሸት ሰው። እሱና እኔ ፊልሙ ሲያልቅ ልንጋባ ተስማምተን ነበር። የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። አንቺም «እትዬ፣ እሱ እኮ ግራጫዋን ፈረስ ነው የሚያገባው፤ አንቺን ለሚዜነት ፈልጎሽ ነው» ብለሽ በሳቅ አፈረስሽኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጀርባሽን ፎቶ ሳነሳ የቀሚስሽ ጫፍ ላይ ሁለት ፀጉር አየሁ። አጭር፣ ደረቅ፣ ግራጫ። «የፈረስ ፀጉር፣ ጠዋት አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ሥራዬ ነው። ቀጥዬ ደብተሩን ገለበጥኩና ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩት። ያኛው ሥራዬ አልነበረም።

ከኋላ የተጀመረው ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፊተኛው በለጠ። ረቡዕ፦ ሹሩባሽ ላልቶ ነበር፤ እንደገና ሲታሰር ወደ ግራ ዞሯል፤ ማን አሰረው? ሐሙስ፦ የቀኝ እጅሽ ሁለት ጣቶች መሀል ቆዳው ተልጧል። ዓርብ፦ ሁለታችሁም ምሳ ላይ የላችሁም፤ አርባ ደቂቃ። ቅዳሜ፦ ስትስቂ አፍሽን ትሸፍኛለሽ፤ ድሮ አትሸፍኚም። ስለ እሱም ጻፍኩ። ጢሙን ተላጭቷል። በሥራ ቀን ተላጭቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊያችን ደግሞ ነገር አቀበለችኝ።

«አንቺ ሰላይ፣ እህትሽን ምን ነካት?»

«ምን ሆነች?»

«ጭኗ ውስጥ ውስጡን በልዟል። ልብስ ሳስለካት አየሁት። ‹ምንድነው ልጄ?› ብላት ‹ደረጃ ላይ ወድቄ› አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ ስንት ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ እዚያ ቦታ ፈልጎ የሚመታ ደረጃ አላጋጠመኝም።»

«እና ምን እያሉ ነው?»

«እኔ? እኔ ምን አልኩ? እኔ መርፌዬን ነው የማውቅ።» መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ዞር አለች።

እሱን «ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» አልኩት። «ፈረሶቹን ውሃ ሳጠጣ» አለኝ። ሄጄ ባልዲዎቹን አየሁ። ጠዋት እንደተደፉ ናቸው፤ ዙሪያቸው ያለው መሬት ደረቅ ነው። አንቺን ጠየቅሁሽ። «ቃል ሳጠና» አልሽኝ። ስክሪፕትሽ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ጻፍኩት።

ፊት ለፊት ብጠይቅሽስ ኖሮ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ብጠይቅሽ ትመልሺልኝ ነበር፤ ከመለስሽልኝ ደግሞ ደብተሩ ያልቃል። እንዲያልቅ አልፈለግሁም። በየቀኑ አዲስ ነገር የማገኝበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ከሁሉ የባሰው መቶ አሥራ ሁለተኛው ፎቶ ነው። ያነሳሁት የመሪ ተዋናዩን የኮት አንገትጌ ነው። ከትከሻው በላይ፣ ራቅ ብላችሁ፣ እናንተ አላችሁ። አንቺ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠሻል፤ ምን ላይ እንደሆነ የተዋናዩ ትከሻ ጋርዶታል። ባልደራሱ ከታች ቆሞ ቁርጭምጭሚትሽን በሁለት እጁ ይዟል። ራስሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ትስቂያለሽ። በአጉሊ መነጽር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም። ባለፈው ወር ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ደግሜ አየሁት። ጥጉ ላይ የግራጫዋ ጭራ በግልጽ ይታያል። ፈረስ ላይ ነበርሽ። እግርሽን እርካብ ውስጥ እያስገባልሽ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሳየው ጭራ አላየሁም።

በምሳ ሰዓት መጋለብ ያስተምርሽ እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ። ከእኔ የደበቃችሁትም ጋሼ ቢጠይቀኝ እንደማልዋሽ ስለነገርኩሽ ነው። ካወቀ ደግሞ ሚናውን ይነጥቅሽ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከረፈደ ነው።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። አንቺ የዚያን ዕለት ከቁርስ በኋላ ያለውን አታስታውሺም። ሐኪሙ «ያ ቀን አይመለስላትም» ብሎኝ ነበር። ይህን ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፦ እፎይ አልኩ።

ከሩቅ የሚታየውን ግልቢያ ሰኞ ቀርፀነዋል። የጋለበው ያንቺን ቀሚስ የመሰለ ቀሚስና ዊግ ያጠለቀ ወንድ ነው። እግሩ ረጅም ስለሆነ የእርካቡ ጠፍር ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ተቆልፎለት ነበር። ሐሙስ የሚቀረፀው የቅርቡ፣ ያንቺ ፊት የሚታይበት ነው። ጠዋት ባልደራሱ ጠፍሩን ላንቺ እግር አሳጥሮ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ቆለፈው። አየሁት። ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ግራጫዋ ስትመጣ ሊቀበላት ሜዳውን አቋርጦ ወንዙ ዳር ሄዶ ቆመ።

ጠፍሩ ሲያጥር የተረፈው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ተንጠልጥሎ ይታያል። የሰኞው ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ጫፍ የለም። አይገጥምም። ይህን አልፈጠርኩትም፤ እውነት አይገጥምም ነበር። መፍትሔውንም አውቀዋለሁ። የተንጠለጠለውን ጫፍ ከኮርቻው ሥር መሸጎጥ ነው። የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ቀበቶ፣ ስንት ክር ሸጉጫለሁ።

አልሸጎጥኩም። ዘለበቱን ፈትቼ ሰባተኛው ላይ ቆለፍኩት። ግራውንም ቀኙንም። ሌላ ፎቶ አነሳሁ። ደብተሬ ላይም «እርካብ፣ ሰባተኛ፣ ከሰኞ ጋር ይገጥማል» ብዬ ጻፍኩ።

መጥተሽ ወጣሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብለሽ «እትዬ፣ ይኼ ነገር ረዝሞብኛል፤ እግሬ አይደርስም» አልሽኝ። በሹክሹክታ ነው ያልሽው። እኔ በሹክሹክታ አልመለስኩልሽም።

«ምነው፣ ፈረስ ላይ አይደል እንዴ ያደግሽው?»

ሠላሳ እርምጃ ርቀው ካሜራው ሥር የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ጋሼ ሳቀ። «እንዲያ ነው እንጂ! በይ ልጄ፣ ደመናው ሳይመጣብን!»

አየሽኝ። የሆነ ነገር እንዳወቅሁ ያኔ ገባሽ። አፍሽን ከፍተሽ ነበር፤ ዘጋሽው። እርካቡን በጣቶችሽ ጫፍ ፈልገሽ አገኘሽውና ልጓሙን ሰበሰብሽ።

እንድወድቅ ፈልጋ ነበር ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አልፈለግሁም። የፈለግሁት «አልችልም» ብለሽ እንድትወርጂ ነው። በጋሼ ፊት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ከወንዙ ዳር ሆኖ በሚያይሽ በሱ ፊት እንድታፍሪ ነው። ነገር ግን አንዴ ከወጣሽ በኋላ የምትወርጂ ልጅ አለመሆንሽን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህንንም አብረሽ አንብቢው።

አርባ ሜትር ያህል ደህና ሄድሽ። ከዚያ ግራ እግርሽ ከእርካቡ ወጣ። ሚዛንሽን ልትመልሺ ልጓሙን ሳብሽ፤ ግራጫዋ አንገቷን አነሳች። ድንጋዩ ላይ ያረፍሽው በዳሌሽ ነው፤ ቀጥሎ በጭንቅላትሽ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ባልደራሱ ሜዳውን እየሰነጠቀ ሲሮጥ አየሁ። እኔ አልሮጥኩም። ሰዓቴን አየሁ። ልማድ ነው። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል። ካሜራው አልቆመም።

ጋሼ ፊልሙን በዚያ ጨረሰው። ልጅቷ ፖስተኛው ጋ አትደርስም፤ መንገድ ላይ ወድቃ ትሞታለች፤ እሱም እንደከዳችው አምኖ አገር ይለቃል። ሰው በየአዳራሹ የተነፋረቀው እዚያ ላይ ነው፤ «እንዴት እውነት ይመስላል!» እያለ። የሩቁና የቅርቡ ግልቢያ የት ላይ እንደተገጣጠመ እስከ ዛሬ የለየ ሰው የለም። ለዚህ ሥራዬ ተመስግኛለሁ።

በማግሥቱ የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። «ይህን ጠፍር የቆለፈው ማነው?» አለ። «የፈረስ ዕቃ የባልደራሱ ነው» አልኩት። ይህ በራሱ ውሸት አይደለም። ሰባተኛውን ቀዳዳ የሚያሳየውን ፎቶ ሰጠሁት። አምስተኛውን የሚያሳየው ኪሴ ውስጥ ነበር። ባልደራሱ «አምስተኛው ላይ ነው የተውኩት» አለ፤ ፎቶው ሰባተኛ ይላል፤ ደብተሩም ሰባተኛ ይላል። አባረሩት፤ ስሙንም ፋቁት። ወሬው ከሱ ቀድሞ ስለሚደርስ ከዚያ በኋላ ፈረሱን ያመነው ሰው አልነበረም።

አንቺ በአምስተኛው ቀን ነቃሽ። «ምን ሆኜ ነው?» አልሽኝ።

«ባልደራሱ እርካቡን ሳያሳጥርልሽ ረስቶት ነው።»

ዓይንሽን እያየሁ ነው ያልኩሽ። ቆይተሽ ስለ ትምህርቱ ነገርሽኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ደበቅሁሽ። ያንቺ ሰው መሆኑን እያወቅሁ በየምሳው አሯሯጥኩት። ሐሙስ ይለፍና እነግራታለሁ ብዬ ነበር» አልሽ። ይቅርታ አደረግሁልሽ። እኔ ላንቺ።

እሱ ሊጠይቅሽ ሲመጣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አምስተኛው ላይ ነበር። ጠዋት ፎቶ አንስተሻል፤ ስታነሺ አይቼሻለሁ።»

«ተበላሽቶብኛል» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ማየት እንጂ መታየት አልለመድኩም፤ ዞር አልኩ። ስለ ጋብቻ ከዚያ ወዲያ ያነሳም የለ።

ሁለት ዓመት ቤቴ ተኛሽ። አጠብኩሽ፣ አጎረስኩሽ፣ ክንድሽን ይዤ ከአልጋው እስከ መስኮቱ አመላለስኩሽ። ጎረቤት ሁሉ «እህት ማለት እንዲህ ናት» አለ። ከዚያ ሌላ ከተማ ሄደሽ ሬዲዮ ገባሽ። አንዱም ድራማሽ አምልጦኝ አያውቅም። ድምፅሽን ስሰማ ቆሜ ነው የምሰማው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመንኳችሁም። እውነት ትምህርት ብቻ ነበር? ሰው በሠራተኛ ስህተት ቢሰበር ይሳደባል፣ ይከሳል። አንቺ አልተሳደብሽም፤ ፊትሽን ነው ያዞርሽው። ለፈረስ አሠልጣኝ ማን ፊቱን ያዞራል? ጢሙንስ ለማን ብሎ ተላጨ? ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ላቅልል ብዬ አይደለም። ተዋዳችሁም አልተዋደዳችሁም ጠፍሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ግን ሃያ አምስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር ነው፤ እንደሌለ አድርጌ ብጽፍልሽ ደብዳቤው እንደገና ሌላ ውሸት ይሆናል።

የመዛግብቷ ሴት ከሄደች በኋላ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

«እሱማ መናኸሪያው ጋ ቦርሳና ጫማ ይጠግናል። እኔ እየሄድኩ አሰፋለሁ። ስለ ሁሉም ይጠይቀኛል። ስላንቺ አይጠይቅም።»

በአንድ በር የምትዘጋ ጠባብ ሱቅ ናት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። የቦርሳ ማንገቻ እየሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ተቀመጪ፤ ይቺን ልጨርስ» አለኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። የአምስተኛውን ቀዳዳ ፎቶ ፊቱ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አደረገ።

«ተበላሽቷል አላልሽም?»

«ዋሽቼህ ነው። ሰባተኛው ላይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኮሪደሩ። ያን ዘለበት ልብ ብሎ የሚያይ ካንቺ ሌላ ማን ነበር?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ክሩን በሰም እያሸ «ለማን?» አለ። «ለኢንሹራንሱ? እኔ አፍ አለኝ፤ አንቺ ፎቶ አለሽ።»

«ለሷ።»

«እኔን አባራለች። አንቺንም ላስባርርሽ? አልጋ ላይ የተኛ ሰው ስንት ሰው ያባርራል? ሽንት ቤት ማን ሊወስዳት ነው?»

ልጠይቀው ያልመጣሁትን ጠየቅሁት። «ትወዳት ነበር?»

«ይኼንንም ልትጽፊው ነው?» አለኝ። ይሳቅ ይቆጣ ፊቱ አይለይም። ሌላ አልመለሰልኝም።

«ቅዳሜ ፊልሙ ሲታይ ስምህን ይመልሱታል» አልኩት። «የሆነውንም ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከሁለቱ ፎቶዎች ጋር እሰጣቸዋለሁ።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው። አሁን ፈረስ ቢሰጡኝ በየትኛው ጉልበቴ?»

«ላንተ ብዬ ብቻ አይደለም።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

መርፌውን ጣለው። «ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ! ከአዳራሽ ግድግዳ ላይ ልታነበው ነው? ከማንም በፊት ለሷ ንገሪያት እንጂ!»

ከተዋወቅን ጀምሮ ሲቆጣኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሥራ ባጣ ጊዜ አልተቆጣኝም፤ ስሙ በተፋቀ ጊዜ አልተቆጣኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ትናንት አስረክቤያለሁ፤ ግድግዳው ላይ ከመሰቀሉ በፊት ግን ይህ ደብዳቤ እጅሽ ይገባል። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አንብባ «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። አምስተኛውና ሰባተኛው ቀዳዳ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ከሥራቸው የእኔ ጽሑፍ ከነፊርማው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የሱ ስም በቦታው ይገባል። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ብትመጪ ፊት ለፊት ወንበር አስይዤልሻለሁ። እኔ ውስጥ አልገባም፤ በሩ አጠገብ ቆሜ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ። ብትደውዪልኝ አነሳለሁ፤ የምትይኝንም ሁሉ እስክትጨርሺ ሳልዘጋ እሰማለሁ። እኔ ግን ከእንግዲህ ቀድሜ አልደውልልሽም። መብቱ ያንቺ ነው።

ከሱቁ ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ ጠራኝ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቦርሳው አሁንም በእጁ ነው።

«ስትሄድ ዱላ ትይዛለች?»

ቆምኩ። ካየሁሽ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያኔ አልያዝሽም ነበር፤ አሁን ትያዢ አትያዢ አላውቅም። በስልክ ጠይቄሽ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ገባ።

መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ። ሱቁ ከመናኸሪያው ሦስተኛ በር ፊት ለፊት ነው፤ የሚዘጋው እሑድ ብቻ ነው። ለሱ ጻፊለት።

ታላቅሽ